ለቤት እንጨት ሥራ የጠረጴዛ መጋዝ ሲመረጥ፦ አምስት አማራጮች በደኅንነት መስፈርት ሲመዘኑ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር በትርፍ ጊዜያቸው በግቢያቸው ውስጥ መደርደሪያ፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት ሣጥን ወይም የበር መቃን የሚሠሩ ሰዎች በእጅ መጋዝ ጀምረው ሥራው ሲበረክትባቸው መጀመሪያ የሚያስቡት የጠረጴዛ መጋዝ መግዛትን ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ረጅም ጣውላን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ስፋት ለመሰንጠቅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ይሁን እንጂ ገበያ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ምርጫ ግራ የሚያጋባ ነው። አንዱ ሻጭ የዋቱን ብዛት ይነግራቸዋል፣ ሌላው የብረቱን ክብደት፣ ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ኦሪጅናል መሆኑን፤ ብየዳ ቤት ያለው ባለሙያ ደግሞ በግማሽ ዋጋ እንደሚሠራላቸው ቃል ይገባል። ማሽኑ በምን ምክንያት ሰው እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱንም የሚከላከለው የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያስረዳቸው ግን እምብዛም አያገኙም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልግለጽ። ለቤት የሚገዛ መጋዝ አስቀድሞ መመዘን ያለበት በጉልበቱ ሳይሆን እንጨቱ የሚዞረውን ባለ ጥርስ ዲስክ ሲያጣብቀውና መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚሆነው ነገር ነው። እነዚህን ሁለት ፈተናዎች የማያልፍ ማሽን በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው። ዋጋን በብር ያልጠቀስሁት የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በማለት ብቻ አነጻጽራለሁ።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መስፈርት እንጨት ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚከላከለው ክፍል መኖሩ ነው። የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ሲዞር ከሠራተኛው በኩል ያለው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከወዲያ በኩል ያለው ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ ይወጣል። የፊቱ ጥርስ እንጨቱን እየቆረጠ ወደ ጠረጴዛው ስለሚጫነው አያሠጋም። አደጋው ያለው ከኋላ ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን አልፎ ሲሄድ ጠመም ቢል፣ ወይም ስንጥቁ ተመልሶ ቢገጥምና የኋላውን ጥርስ ቢነካ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ጥርስ እንጨቱን አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ዲያሜትሩ 254 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል፤ ይህን ለማምለጥ የሚበቃ ጊዜ ማንም ሰው የለውም። ከእንጨቱ ምት የሚከፋው ደግሞ፣ እንጨቱ ከእጅ ሥር በድንገት ሲጠፋ ሲገፋ የነበረው እጅ ሚዛኑን ስቶ በዲስኩ ላይ ሊያርፍ መቻሉ ነው።

ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ከዲስኩ ጀርባ የሚቆም፣ ከዲስኩም ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ቀጭን ብረት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መለያ ብረት እለዋለሁ፤ ሥራው የተሰነጠቁትን ሁለት ክፍሎች ለያይቶ መያዝና የኋላውን ጥርስ መጋረድ ነውና። ውፍረቱ ከዲስኩ አካል መብለጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ግን ማነስ አለበት። ከጥርሱ ጫፍ ያለው ርቀትም ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በጣም ከራቀ እንጨቱ ብረቱ ጋር ሳይደርስ ዲስኩን ያጣብቀዋል።

በእኛ አካባቢ ይህ ብረት ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በዕድገቱ ጊዜ በግንዱ ውስጥ ውጥረት የሚያከማች ዛፍ በመሆኑ፣ ጣውላው ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክፍሎች ወይ ይከፈታሉ ወይ ይገጥማሉ። በዚያ ላይ ከደጋው አገር ሳይደርቅ ተጭኖ የመጣ ጣውላ በድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ይጣመማል። ስንጥቁ በዲስኩ ላይ የሚገጥመው እንግዲህ በዚህ ዓይነቱ እንጨት ነው። ደርቆ የተስተካከለ ዋንዛ የሚሠራ ሰው የማያጋጥመውን አደጋ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚሰነጥቅ ሰው በየቀኑ ይጋፈጠዋል።

ሁለተኛው መስፈርት ማብሪያ ማጥፊያው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ተራ ማብሪያ ያለው መጋዝ የተደበቀ አደጋ ይዟል፤ መብራቱ ሲጠፋ ሠራተኛው ማሽኑን ሳያጠፋ ይተወዋል፣ እንጨቱን ለማውጣት ወይም ዲስኩን ለመጥረግ እጁን ያስገባል፣ መብራቱም በዚያች ቅጽበት ይመለሳል። ጥሩ ማሽን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ የማይነሣ ማብሪያ አለው። ቀዩ ማጥፊያም ሁለቱ እጆች እንጨት ይዘው ሳለ በጉልበት ወይም በጭን ተገፍቶ የሚጠፋ ትልቅ መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪኩ ተስማሚነት ነው። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ድሬዳዋ የጅቡቲ መንገድ የንግድ ከተማ ከመሆኗም በላይ ከዓረብ አገሮችና ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ ዕቃም ስለማይጠፋባት፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ ለተለያዩ አገሮች የተሠሩ ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ለአሜሪካ የተሠራው በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ለሳዑዲ ዓረቢያ የተሠራው ደግሞ ቮልቱ ቢቀራረብም ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። ካርቦን የሌለው፣ ድምፁ ዝግ ያለው ከባድ ሞተር ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ በደቂቃ 3,450 ይዞር የነበረው ወደ 2,850 ይወርዳል፣ ከተለመደውም በላይ ይሞቃል። ካርቦን ያለውና የሚጮኸው ቀላል ሞተር ግን በድግግሞሹ ልዩነት አይጎዳም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ መግዛቱን መተው ይሻላል።

አራተኛው የጎን መምሪያው ነው። እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት ይህ ብረት ከዲስኩ ጋር ትይዩ ካልሆነና የኋላ ጫፉ ወደ ዲስኩ ከተጠጋ፣ እንጨቱን እያጣበቀ ወደ ኋላው ጥርስ ይገፋዋል። የመምሪያ መጣመም የሥራ ጥራትን ብቻ የሚያጓድል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም እንጨት እንዲወረወር ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

አምስተኛው መለዋወጫ ነው፤ በተለይም የዲስኩ ቀዳዳ። ለአውሮፓ የተሠሩ 250 ሚሊ ሜትር ዲስኮች ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሲኖራቸው፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቀዳዳ አላቸው። የሰፋን ቀዳዳ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበብ ዲስኩ ከመሐል ወጥቶ እንዲርገበገብ ስለሚያደርግ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ቦታው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሞተር ከሐረሩ ይልቅ ቶሎ ይግላል። በአንጻሩ በሐረር ጁገል ውስጥ ቤቶቹ ተደጋግፈው የተሠሩ፣ ግቢውም ብዙ ጊዜ የጋራ በመሆኑ፣ ከ90 ዴሲቤል በላይ የሚጮኽ ማሽንና በአየር የሚበተን ብናኝ የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይሆንም። የእንጨት ብናኝ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መጋዝ ለመትከል የሚያስብ ሰው ይህን ከልቡ ሊያስብበት ይገባል።

አማራጭ አንድ፦ ብየዳ ቤት የሚሠራ መጋዝ

በአንግል ብረትና በላሜራ ተበይዶ፣ ከውኃ ፓምፕ ወይም ከሌላ ማሽን በተወሰደ ሞተር በቺንጋ የሚዞረው መጋዝ በየአናጺ ቤቱ የታወቀ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲበላሽም በሠፈር ይጠገናል። ይህን ሁሉ እመሰክርለታለሁ። እንደ ወጉ ሲሠራ ግን መለያ ብረት የለውም፣ የዲስክ ሽፋን የለውም፣ ቺንጋውና ፑሌጃው ክፍት ናቸው፣ ማብሪያው ተራ ነው፣ የጎን መምሪያውም በየጊዜው በሞርሳ የሚታሰር ቁራጭ ብረት ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት መስፈርቶች ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪኩንና የመለዋወጫውን ብቻ ነው።

ቢሆንም ይህን ማሽን ከአብዛኞቹ በተለየ በጥቂት ወጪ ማሻሻል ይቻላል፤ ብዙ ሰው ቀድሞውኑ ያለው እሱ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። በብየዳ ቤት የሚሠሩት የአብዛኞቹ መጋዞች ዲስክ ከፍ ዝቅ የማይል በመሆኑ፣ መለያ ብረቱ ከዲስኩ ጋር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ውስብስብ ሥራ አይፈልግም፤ ከዲስኩ ጀርባ በጠንካራ ብሎን የታሰረ፣ በዲስኩ ክብ ልክ የተቀረጸ የብረት ሰሌዳ ይበቃዋል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በባቡር ወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናትና፣ ዲስኩን ቢወስዱለት ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ መለያ ብረቱን የሚቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ አይጠፋባትም። ማብሪያውን በተመለከተ፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሁለት ቁልፍ ያለው ኮንታክተር ሊገጥምለት ይችላል፤ ኮንታክተሩ መብራት ሲሄድ ይለቅቃል፣ ቁልፉ ካልተጫነም አይመለስም። የብረት አካሉ ወደ መሬት በሚወስድ ሽቦ መያያዙ፣ ቺንጋውም በላሜራ መሸፈኑ ግዴታ ነው።

አንድ ስሌት ደግሞ አለ። ዲስኩ የሚዞርበት ፍጥነት የሞተሩ ፍጥነት በሁለቱ ፑሌጃዎች ንጽጽር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,850 የሚዞር ሆኖ የሞተሩ ፑሌጃ 140፣ የዲስኩ ዘንግ ፑሌጃ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዲስኩ ወደ 4,000 ገደማ ይዞራል። ይህ ቁጥር በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ፈጽሞ መብለጥ የለበትም። ይህን ስሌት ሠርቶ ማሳየት የማይችል ሠሪ ዘንድ አያሠሩ።

አማራጭ ሁለት፦ አዲስ ተንቀሳቃሽ የጠረጴዛ መጋዝ

ከ25 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት የሚወስድ፣ ካርቦን ባለው ሞተር የሚሠራ ማሽን ነው። በተራ የቤት መስመር ይሠራል፤ በ220 ቮልት የሚስበው ከ7 እስከ 9 አምፔር ገደማ በመሆኑ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ያለው ሶኬት ይበቃዋል። ማራዘሚያ ገመዱ ከተጠቀለለበት ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ ግን ይግላል። በአብዛኛው መለያ ብረት፣ የዲስክ ሽፋንና መብራት ሲመለስ የማይነሣ ማብሪያ ይዞ ስለሚመጣ ሁለቱን ዋና ፈተናዎች ከፋብሪካው አልፎ ይወጣል። ርካሾቹ ላይ ግን መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ድክመቱ ቀላልነቱ ነው። 244 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን የኮምፔንሳቶ ወይም የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ሲጭኑበት ማሽኑ ራሱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ስለዚህ በብሎን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር መታሰርና ከበስተኋላው እንጨቱን የሚቀበል በእኩል ከፍታ የተሠራ ድጋፍ ሊኖረው ይገባል። የጎን መምሪያው ብዙ ጊዜ ከአንድ ጫፍ ብቻ የሚታሰር በመሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ ከዲስኩ የፊትና የኋላ ጥርስ ያለውን ርቀት በብረት ማስመሪያ መለካት ልማድ መሆን አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ረጅም ጊዜ ያለ እረፍት ማሠራትም አይመከርም፤ ሞተሩ የቃጠሎ ሽታ ከሰጠ ካርቦኑ ወይም ጥቅልሉ እየተጎዳ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ያገለገለ ከባድ ማሽን

የእንጨት ሥራ ቤቶች ሲዘጉ ወይም ማሽን ሲቀይሩ የሚሸጡት፣ መላጊያና መሰንጠቂያ አንድ ላይ ያሉበት ወይም መሰንጠቂያ ብቻ የሆነ ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ማሽን ነው። ጠረጴዛው ከተቀለጠ ብረት የተሠራ በመሆኑ አይርገበገብም፣ መምሪያው ይጸናል፣ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። በትክክለኛነት የሚወዳደረው የለም።

ለቤት ግን ሦስት እንቅፋቶች አሉበት። ብዙዎቹ 380 ቮልት ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ የሚፈልጉ በመሆናቸው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከትን፣ ቆጣሪ ማስቀየርንና ተጨማሪ ወጪን ያስከትላሉ። የቆዩት ማሽኖች መለያ ብረታቸው ተፈትቶ የጠፋ፣ ሽፋናቸውም የተወገደ ሆነው ነው የሚገኙት፤ ማጣታቸው ደግሞ በዋጋው ላይ አይታይም። ሲጠፉም ዲስኩ ለረጅም ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል፤ የአውሮፓ ደረጃ ከጠፋ በኋላ በ10 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም የሚያስገድድ ሲሆን፣ አሮጌዎቹ ይህን አያሟሉም። በጁገል ጠባብ መንገዶች ለማስገባት መሞከር ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው።

አማራጭ አራት፦ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ከቀጥታ መምሪያ ጋር

እዚህ ላይ እንጨቱ ቆሞ መጋዙ ይሄዳል። 185 ሚሊ ሜትር ዲስክና ከ1,200 እስከ 1,400 ዋት ሞተር ያለው የእጅ ሰርኩላር፣ ለመስኮት ሥራ ከሚውለው የአሉሚኒየም ፕሮፋይል በተቆረጠ ቀጥ ያለ መምሪያ ላይ ተደግፎ ሲሄድ ከጠረጴዛ መጋዝ ብዙም የማያንስ ቀጥታ ስንጥቅ ይሰጣል። መምሪያው በሁለቱም ጫፍ በሞርሳ ይታሰራል። ሰሌዳው በሁለት ድጋፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በወለል ላይ በተነጠፉ ቁራጭ እንጨቶች ላይ ሙሉ በሙሉ ተደግፎ ይተኛል፤ አለዚያ መሐሉ ሲጎብጥ ስንጥቁ ዲስኩን ያጣብቅና መጋዙ ወደ ሠራተኛው ይዘላል። ትልልቅ ሰሌዳዎችን ለሚሠራ፣ ቦታም ለጠበበው ሰው ይህ አማራጭ ከጠረጴዛ መጋዝ ይልቅ ደኅና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም እጆች በመያዣው ላይ ስለሚሆኑ ከዲስኩ ይርቃሉ፣ ጣት ስትነሣም ማብሪያው ይጠፋል። ጠባብ ዘንግ መሰንጠቅ ግን አይመቸውም።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። በእስፕሪንግ የሚመለሰውን የታችኛውን ሽፋን በሽቦ አስሮ ክፍት ማቆየት፣ ወይም መጋዙን ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር በመግጠም የጠረጴዛ መጋዝ ለማድረግ መሞከር ማሽኑ የተሠራበትን መከላከያ በሙሉ ማጥፋት ነው። በደቂቃ 11,000 ገደማ በሚዞር ግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ መግጠም ደግሞ ከአማራጭነት ውጭ ነው፤ ሳልዘረዝረው ያለፍሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አማራጭ አምስት፦ በእንጨት ሥራ ቤት ማስቆረጥ

ምንም ሳይገዙ ልኩን በወረቀት ጽፎ መውሰድ። ትልልቆቹ የፈርኒቸር ሥራ ቤቶች ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለው መቁረጫ አላቸው፤ ኤምዲኤፍንና ቺፑድን ጠርዙ ሳይነካከስ ይቆርጣሉ። ሰሌዳው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ክፍፍሉን ቤት ሆነው ማቀድ፣ ለእያንዳንዱ ስንጥቅም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መተው ያስፈልጋል። የተቆረጠው በባጃጅ ይጓጓዛል፣ በቤት የሚቀረው ማያያዝና መቀባት ነው። ጉዳቱ ጊዜ ነው፤ ሥራ ቤቱ በራሱ ትእዛዝ ሲጠመድ የእርስዎ ጥቂት ሰሌዳዎች ይቆያሉ፣ በመሐል ልክ ቢሳሳትም እንደገና መመላለስ ይኖራል።

| አማራጭ | መለያ ብረትና ሽፋን | መብራት ሲመለስ | ኤሌክትሪክ | ትክክለኛነት | ለጠባብ ግቢ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ብየዳ ቤት የሚሠራ | የለውም፤ ማስገጠም ይቻላል | ራሱ ይነሣል፤ ኮንታክተር ይፈልጋል | የቤት መስመር | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| አዲስ ተንቀሳቃሽ | ብዙውን ጊዜ አለው | ብዙውን ጊዜ አይነሣም | የቤት መስመር | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ያገለገለ ከባድ | ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል | እንደ ማሽኑ | ባብዛኛው 380 ቮልት | ከፍተኛ | አይመችም | ከፍተኛ |
| የእጅ ሰርኩላር ከመምሪያ ጋር | ተመላሽ ሽፋን አለው | ጣት ከተነሣ አይነሣም | የቤት መስመር | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ማስቆረጥ | አይመለከትም | አይመለከትም | አያስፈልግም | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | በቁራጭ የሚከፈል |

ሥጋ ሲነካው በ5 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ዲስኩን የሚያቆም መጋዝ መኖሩን የሰሙ አንባቢዎች ለምን እንዳልጨመርሁት ይጠይቁ ይሆናል። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተፈለሰፈ፣ ከ2004 ጀምሮም በገበያ ላይ ያለ ነው፤ ጣት ማትረፉም የተረጋገጠ ነው። ይሁንና በሠራ ቁጥር ማቆሚያው የሚለወጥ፣ ዲስኩም አብሮ የሚበላሽ ሲሆን፣ በጣም እርጥብ እንጨት ያለ ምክንያት ሊያስነሣው ይችላል። መለዋወጫውን በየጊዜው ከውጭ ማስመጣት ለሚችል ሰው ካልሆነ በቀር በእኛ ከተሞች ለዛሬው አያዋጣም።

ለማን የትኛው?

በዓመት ሁለት ሦስት ዕቃ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይም በኤምዲኤፍና በኮምፔንሳቶ ለሚሠራ፣ ማስቆረጥ ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ለጥሩ ስኳድራ፣ ለሞርሳና ለድሪል ያውለው። በጁገል ውስጥ ወይም በጋራ ግቢ የሚኖርም እንዲሁ።

ሥራው በየሳምንቱ የሆነበት፣ በጀቱ ግን የጠበበበት ሰው የእጅ ሰርኩላርንና የአሉሚኒየም መምሪያን ይግዛ፤ ጠባብ ዘንጎችን ብቻ ያስቆርጥ። እኔ ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው ይህንን ጥምረት ነው።

ጣውላ በብዛት የሚሰነጥቅ፣ የራሱ ግቢ ያለውና መካከለኛ በጀት የያዘ ሰው አዲሱን ተንቀሳቃሽ ማሽን ይምረጥ፤ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ለሁለት ዲስኮች ያስቀር። ጣውላን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ ለኮምፔንሳቶና ለኤምዲኤፍ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለው ይስማማል። በብዙ ጥርስ ወፍራም ጣውላ መሰንጠቅ ሞተሩንም እንጨቱንም ያቃጥላል።

ቤቱ ብየዳ ቤት የተሠራ መጋዝ ያለው ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት መለያ ብረት፣ ኮንታክተር፣ የቺንጋ ሽፋንና የመሬት ሽቦ ያስገጥም። እስከዚያው ማሽኑን አያስነሣው። ከባዱን ያገለገለ ማሽን የምመክረው ሙያውን ወደ ሥራ ቤት ለማሳደግ ላቀደ፣ ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክም ላለው ብቻ ነው።

ማሽኑ የማይተካቸው ልማዶች

የትኛውም ቢመረጥ፣ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ የሚሠራ ሰው ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ይቆማል። እጁ ወደ ዲስኩ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች የሚቀርብ ከሆነ በመግፊያ እንጨት ይገፋል። እንጨትን በአግድም ሲቆርጥ የማዕዘን መግፊያውን (በጠረጴዛው ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ እንጨቱን በማዕዘን ይዞ የሚገፋውን ክፍል) እና የጎን መምሪያውን በአንድነት አይጠቀምም፤ የተቆረጠው ቁራጭ በሁለቱ መካከል ተጣብቆ ይወረወራልና። ያለ ምንም መምሪያ በእጁ ብቻ አይቆርጥም።

አለባበስን በተመለከተ ለእኛ ከተሞች የተለየ ቃል አለኝ። በቤት ውስጥ ሽርጥ ለብሶና ነጠላ ጫማ አድርጎ መዋል በድሬዳዋ ሙቀት የተለመደና ምቹ ነው፤ መጋዝ ዘንድ ግን ሽርጥም፣ ሰፊ እጅጌም፣ ነጠላም፣ ጓንትም አይቀርቡም፤ የሚዞር ነገር ጨርቅ ከያዘ እጅን ጨምሮ ይጎትታል። የመከላከያ መነጽር፣ የጆሮ መሸፈኛና የአፍንጫ ጭምብል የግድ ናቸው። ሰዓቱም ይመረጥ፤ ማለዳ ሙቀቱ ሳይጠነክር መሥራት ለሰውም ለሞተሩም ይበጃል። ከምሳ በኋላ በበርጫ ላይ የቆየ ሰው ፍጥነት የተሰማው ቢመስለውም፣ ትኩረቱ በአንድ ቦታ ላይ የማይረጋበት ሰዓት ስለሆነ የዚያን ቀን መቁረጡን ለነገ ያሳድረው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሱቁ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ስፒናው ተነቅሎ ሳለ ዲስኩን በእጅ ይዘው ወደ ጎን ያነቃንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። አንድ ጥርስ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበትና በመጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎም ዲስኩን አዙረው ያንኑ ጥርስ ከኋላ በማድረግ ከጎን መምሪያው ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው፣ ልዩነት ካለም ከኋላ በኩል ያለው መጥበብ የለበትም። መለያ ብረቱ በካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀርቶ እንዳይሆን ካርቶኑን ራስዎ ይፈትሹ፣ በዲስኩ ልክ መቆሙንም ገጥመው ይዩ። ከዚያ ማሽኑ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ እየዞረ ሳለ ሻጩ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀለው፣ ዲስኩ እስኪቆም ሴኮንዱን ይቁጠሩ፣ ማብሪያውን ሳይነኩም ስፒናው ተመልሶ ይሰካ። ማሽኑ በራሱ ከተነሣ፣ ኮንታክተር የሚያስገጥሙበትን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ፤ ሻጩ ሙከራውን ለማድረግ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።